ማሞግራፊ ያላየውን ጋማ ካሜራ ያያል?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ከጥቂት ወራት በፊት ከአዲስ አበባ የተደወለልኝ ስልክ ነው። የደወለችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ስላደግን ግን እህቴ ነው የምላት። ዕድሜዋ 46 ሲሆን በአንድ ባንክ ውስጥ በኃላፊነት ትሠራለች። የሰማችውን ሁሉ ዝም ብላ የምትቀበል ሰው አይደለችም። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግራት» አለችኝ። በግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር በእጇ ከዳሰሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ማሞግራፊ ተነሥታ «ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምስሉ አጥጋቢ አይደለም» ተብላለች። በአልትራሳውንድ ያዩዋት ሐኪም ደግሞ የሚያጠራጥር ነገር ስላገኙ በመርፌ ናሙና እንዲወሰድ አዘዋል።

«መርፌውን ፈርቻለሁ» አለችኝ። «ብረት ከነካው ይሰራጫል ይባላል። አንተ የምትሠራበት መሣሪያ ካንሰር ከሆነ ያበራል፣ ካልሆነ አያበራም አይደል? ገንዘቡን እንደምንም ብዬ ልምጣና በእሱ ልታይ።»

እኔ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በኒውክሌር ሕክምና ክፍል ውስጥ በቴክኖሎጂስትነት እሠራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የእኔ ሥራ ጨረር አመንጪውን መድኃኒት ለክቶ መውጋት፣ ካሜራውን ማንቀሳቀስና ምስሉን አዘጋጅቶ ለሐኪሙ ማቅረብ ነው። በዚያ ምሽት ለእህቴ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። «መጀመሪያ መርፌውን ተወጊ፣ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን» አልኳት። መልሱ ትክክል ቢሆንም ምክንያቱን አላስረዳኋትም። ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ፍርሃቱን አይተውም። ከሳምንት በኋላ ስደውልላት አሁንም አልተወጋችም። ያን ጊዜ ቁጭ ብለን ለሁለት ሰዓት ያህል አወራን። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች ወዳጆቼም ስለሚቀርብልኝ፣ ለእሷ የነገርኳትን ለአንባቢያንም ላካፍል ወደድኩ።

ከውጭ የሚገባ ጨረር፣ ከውስጥ የሚወጣ ጨረር

ጀርመናዊው ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ማሞግራፊም የዚያው የራጅ ልጅ ነው። ጨረሩ ከውጭ ይመጣል፣ በጡት ውስጥ ያልፋል፣ በወዲያኛው በኩል ጥላውን ያሳርፋል። ሐኪሙ የሚያነበው ይህንን ጥላ ነው። ስለዚህ ማሞግራፊ የሚያሳየው ቅርጽንና ጥግግትን ነው። በጣም ደቃቅ የሆኑ የካልሲየም ነጠብጣቦችን ሳይቀር ስለሚለይ፣ በእጅ ሊዳሰስ ያልቻለን ካንሰር ቀድሞ ያገኛል። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ድረስ በጡት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ግንባር ቀደም የሆነው።

ችግሩ የሚመጣው ጡቱ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን ነው። በማሞግራፊ ምስል ላይ የጡት ስብ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ የወተት ዕጢዎቹና አያያዥ ሕብረ ሕዋሱ ግን ነጭ ይሆናሉ። ካንሰርም ነጭ ነው። በነጭ ጋቢ ላይ የወደቀ ጥጥ ፈልጉ እንደመባል ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጡት በሽታ አይደለም፤ በተለይ በዕድሜ ለጋ በሆኑ ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። በአሜሪካ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ማንኛውም የማሞግራፊ ተቋም ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑን ለታካሚዋ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ የተጣለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የኒውክሌር ሕክምና አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙ ሰው ካሜራችን ጨረር የሚረጭ ይመስለዋል፤ ካሜራው ግን ምንም ጨረር አይረጭም። ጨረር የሚያመነጨውን ጥቂት መድኃኒት በደም ሥር እንወጋለን፣ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ወደሚስበው ቦታ ይሄዳል፣ ከዚያ የሚወጣውን ጨረር ካሜራው ይቀበላል። አንድን ሕንፃ በቀን ፎቶ ብታነሡት ስንት ፎቅ እንዳለው ታያላችሁ። በሌሊት ብታዩት ደግሞ መብራቱ የበራበት መስኮት የት የት ሰው እንዳለ ይነግራችኋል። ማሞግራፊ የቀኑን ፎቶ ሲያነሣ፣ ጋማ ካሜራ የሌሊቱን ያነሣል። ቅርጽ ሳይሆን ሥራ ነው የሚያሳየው።

ጥቂት ጨረር አመንጪ ነገር አስገብቶ መንገዱን የመከተሉን ዘዴ የፈጠረው ሃንጋሪያዊው ጆርጅ ደ ሄቬሺ ሲሆን፣ ለዚህም እ.ኤ.አ. የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ጋማ ካሜራውን ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የሠራው ሃል አንገር ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናያቸው ካሜራዎች በመሠረታዊ አሠራራቸው የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ከልብ ወደ ጡት

በክፍላችን በብዛት የምንጠቀምበት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ቴክኔሽየም-99ኤም ይባላል። ቴክኔሽየም እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን የተገኘ፣ በሰው እጅ የተሠራ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ነው። ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው። ይህም ማለት በየስድስት ሰዓቱ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዛሬ ጠዋት ከተወጋው መጠን ነገ በዚሁ ሰዓት የሚቀረው ቢበዛ አንድ አሥራ ስድስተኛው ነው። ለታካሚው መልካም ነገር ነው፤ ለምርመራው በቂ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ቴክኔሽየም ብቻውን ግን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጣመር ነው አድራሻ የሚያገኘው። ለጡት ምርመራ የሚጣመረው ሴስታሚቢ ከሚባል መድኃኒት ጋር ነው። ሴስታሚቢ መጀመሪያ የወጣው ለልብ ጡንቻ ምርመራ ነበር። የሴሎቻችን የኃይል ማመንጫ ወደሆኑት ሚቶኮንድሪያ የመሳብ ባሕርይ ስላለው፣ ሌት ተቀን በሚሠራው የልብ ጡንቻ ውስጥ በብዛት ይከማቻል። በኋላ ግን በርካታ ዕጢዎችም እንደሚስቡት ታወቀ። የካንሰር ሴሎች ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ፣ የሚደርሳቸው የደም መጠንም ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለጡት ምርመራ ፈቀደው። ምርመራው ሲንቲማሞግራፊ ተባለ።

ሲንቲማሞግራፊ ሲጀመር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የጡቱ ጥግግት አያግደውምና «የማሞግራፊን ጉድለት ይሞላል» ተባለ። ሆኖም ካሜራው ደረትን ወይም መላ ሰውነትን ለማንሣት የተሠራ ግዙፍ መሣሪያ ነው። ከፊቱ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ያሉት የእርሳስ ሰሌዳ አለው። በቀጥታ የሚመጣውን ጨረር ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያግደው ይህ ሰሌዳ ነው። ካሜራው ከጡቱ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል። ስለሆነም ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሚያንሱ ዕጢዎችን በብዛት ያልፋቸዋል። ቅድመ ምርመራ የሚፈለገው ግን ትንንሾቹን ለማግኘት ነው። ትልቁንማ እጅም ያገኘዋል።

እህቴ ላይ የተገኘው ሽምብራ የምታህል ናት። ሽምብራ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። አሮጌው ካሜራ ሊያይም ላያይም የሚችለው መጠን ላይ ትገኛለች ማለት ነው። ይህን ስነግራት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች።

ጡትን ብቻ የሚያይ ካሜራ

በ2000ዎቹ ዓመታት ለጡት ብቻ የተሠሩ ትንንሽ ጋማ ካሜራዎች መጡ። የቅርብ ጊዜዎቹ ጨረሩን የሚቀበሉት ካድሚየም፣ ዚንክና ቴሉሪየም ከተቀላቀሉበት ሴሚኮንዳክተር በተሠሩ ሁለት ሰሌዳዎች ነው። ጡቱ በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። ርቀቱ ስለጠበበ ምስሉ ጠራ። ምርመራው በእንግሊዝኛው አጠራር ኤምቢአይ ይባላል፤ ሞለኪዩላዊ የጡት ምስል እንደማለት ነው።

አሠራሩ የሚከተለውን ይመስላል። ታካሚዋ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በክንዷ የደም ሥር መድኃኒቱን እንወጋለን። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተን ማንሣት እንጀምራለን። ጡቱን እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ለስለስ አድርገን እንይዘዋለን፤ እንደ ማሞግራፊ አጥብቀን አንጫነውም። ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት አቅጣጫ፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አሥር ደቂቃ ገደማ፣ በጠቅላላው 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አንዳንዶች መጽሐፍ ያነባሉ። ብዙዎቹ ግን ፊቴን ነው የሚያዩት፤ ምን እንዳየሁ ከፊቴ ሊያነቡ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በሙያው ዘንድ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ጥቅጥቅ ያለ ጡት ያላቸው 1,585 ሴቶች በማሞግራፊም በኤምቢአይም ተመረመሩ። 21 ሴቶች ላይ ካንሰር ተገኘ። ከእነዚህ ውስጥ ማሞግራፊ ብቻ ያገኘው ሁለት፣ ኤምቢአይ ብቻ ያገኘው 14፣ ሁለቱም ያገኙት ሦስት ሲሆን፣ ሁለቱን ደግሞ አንዱም አላገኛቸውም። በሌላ አነጋገር ማሞግራፊ ብቻውን ከ1,000 ሴቶች በ3.2ቱ ላይ ካንሰር ሲያገኝ፣ ኤምቢአይ ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ አለ። ኤምቢአይ ብቻ ካገኛቸው 14ቱ ውስጥ 11ዱ ወደ አካባቢው ሥጋ መዝለቅ የጀመሩ ካንሰሮች ነበሩ፤ አማካይ መጠናቸውም 0.9 ሴንቲ ሜትር ነበር። ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

ነገር ግን ያንኑ ጥናት ከሌላ አቅጣጫ እንየው። ከ21ዱ ካንሰሮች ኤምቢአይ አራቱን አላያቸውም። አራት ሴቶች በዚህ ምርመራ ብቻ ተማምነው ቢሆን ኖሮ «ንጹሕ ነሽ» ተብለው ካንሰሩን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ሌላም አለ። ኤምቢአይ ሲጨመር ለተጨማሪ ምርመራ የሚጠሩት ሴቶች ከመቶ 11 ወደ 17.6 ከፍ ብለዋል። ናሙና የተወሰደላቸውም ከመቶ 1.3 ወደ 4.2 አድገዋል። ምክንያቱም ካንሰር ያልሆኑ፣ ለምሳሌ ሥራ የበዛባቸው የጡት ዕጢዎችና አንዳንድ ጤናማ እብጠቶችም መድኃኒቱን ይስባሉ፤ እነሱም ያበራሉ።

እህቴ መርፌውን ያስቀርልኛል ብላ ተስፋ የጣለችበት መሣሪያ ብዙ ሴቶችን ወደ መርፌው የሚልክ ነው። ምስሉ ካበራ ምንነቱን ለማወቅ ናሙና ያስፈልጋል። ካላበራም፣ በእጅ የሚዳሰስና በአልትራሳውንድ አጠራጣሪ የሆነ ነገር እያለ፣ ናሙናው አይቀርም። በሁለቱም መንገድ መድረሻው አንድ ነው።

በሥራ ገበታዬ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት መጥታ አነሣኋት። ምስሏ ንጹሕ ነበር፤ አንድም የሚያበራ ነገር የለም። በልቤ ደስ አለኝ። ሐኪሟ ግን የሚዳሰሰውን እብጠት ችላ አላሉም፤ ናሙና ወሰዱ። ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ንጹሕ ምስል ሳይ ለመደሰት አልቸኩልም።

ስኳር ተከታዩ ፔት ስካን

ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው ፔት ስካንን ነው። መነሻው ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ ያስተዋለው ነገር ነው፤ የካንሰር ሴሎች ከሌሎች ሴሎች ይልቅ ግሉኮስን በብዛት ይበላሉ። ታዲያ ፍሎሪን-18 የተባለው ጨረር አመንጪ የግሉኮስ ዘመድ ከሆነ ስኳር ጋር ተጣምሮ ሲወጋ፣ ሴሉ ስኳር መስሎት ይወስደዋል፤ ነገር ግን እንደ ስኳር ሊያቃጥለው ስለማይችል በውስጡ ተይዞ ይቀራል። ይህ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ነው። ታካሚው ለተወሰኑ ሰዓታት ሳይበላ ይመጣል፣ የደም ስኳሩ ይለካል፣ ከተወጋ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ ያርፋል፣ ከዚያ ይነሣል።

ፔት ስካን ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዛመቱን ለማወቅና ሕክምናው መሥራቱን ለመከታተል እጅግ ጠቃሚ ነው። ጡት ውስጥ ያለችን አንዲት ትንሽ ዕጢ ካንሰር ናት ወይስ አይደለችም ብሎ ለመፍረድ ግን ተመራጭ አይደለም። ትንንሽና ዝግ ብለው የሚያድጉ የጡት ካንሰሮች፣ በተለይም ከወተት አመንጪ ክፍሎች የሚነሣው ሎቡላር የሚባለው ዓይነት፣ ስኳር ብዙም ስለማይወስዱ ሊያመልጡት ይችላሉ።

በሌላ በኩል ስኳር የሚበላው ካንሰር ብቻ አይደለም። ኢንፌክሽንን የሚዋጉ ሴሎችም ይበሉታል። እንደ እኛ የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በነቀርሳ ምክንያት ያበጠ የብብት ንፍፊት በፔት ስካን ላይ ልክ እንደ ተዛመተ ካንሰር ሊያበራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮቪድ ክትባት በስፋት ሲሰጥ፣ በተከተቡበት ክንድ በኩል ያለው የብብት ንፍፊት አብርቶ ስንቱን ሰው እንዳስደነገጠ አስታውሳለሁ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስኳርን ሳይሆን የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባዮችን የሚፈልግ የፔት መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ተፈቅዷል። ይህኛው ግን ካንሰር እንዳለባቸው ተረጋግጦ በሽታው ለተመለሰባቸው ወይም ለተዛመተባቸው ሴቶች ነው፤ በናሙና ምርመራ ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ጨረሩስ አይጎዳም?

ይህንን የማይጠይቀኝ ታካሚ የለም። ጨረር በሰውነት ላይ የሚያሳድረው ጫና የሚለካው በሚሊሲቨርት ነው። በዓለም ላይ የሚኖር ሰው ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሕዋ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል የተፈጥሮ ጨረር ይደርሰዋል። አንድ ማሞግራፊ ከግማሽ ሚሊሲቨርት አይበልጥም። በአዲሱ ካሜራና በተቀነሰው የመድኃኒት መጠን የሚሠራ ኤምቢአይ ሁለት ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የፔት ስካን መድኃኒት ብቻውን ሰባት ገደማ ይሆናል፤ አብሮት የሚነሣው ሲቲ ስካን ደግሞ ይጨመርበታል።

ልዩነቱ በቁጥሩ ብቻ አይደለም። የማሞግራፊ ጨረር የሚያርፈው ጡት ላይ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ግን መላ ሰውነትን ይዞራል፤ ሴስታሚቢ ለምሳሌ በጉበትና በአንጀት በኩል ይወጣል። ለአንድ ጊዜ ምርመራ ይህ የሚያሰጋ መጠን አይደለም። ጤናማ ሴቶችን ሁሉ በየዓመቱ በዚህ እንመርምር ቢባል ግን ሒሳቡ ሌላ ይሆናል። ኤምቢአይ ማሞግራፊን ተክቶ ለሁሉም የማይሰጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ልሆን እችላለሁ ብላ የምትጠረጥር ወይም ጡት የምታጠባ ሴት ከመወጋቷ በፊት ለባለሙያው መናገር ይኖርባታል።

በዋነኝነት የሚጠቅመው የት ነው?

ታዲያ የእኔ ሙያ ለጡት ካንሰር ሕክምና ምን ይፈይዳል? ብዙ። አብዛኛው ጥቅሙ የሚመጣው ግን ካንሰሩ በናሙና ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

አንደኛው የመጀመሪያውን ንፍፊት የማግኘት ዘዴ ነው። የጡት ካንሰር ሲዛመት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በብብት ባሉት ንፍፊቶች ላይ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ቀዶ ሐኪሞች የብብቱን ንፍፊቶች በሙሉ ጠርገው ያወጡ ስለነበር፣ ብዙ ሴቶች ክንዳቸው ዕድሜ ልክ ያብጥ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ክራግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ዘዴ ይህንን ለወጠው። ጡት ላይ ጥቂት ጨረር አመንጪ መድኃኒት ይወጋል፤ መድኃኒቱ ካንሰሩ ሊሄድበት በሚችለው መንገድ ሄዶ የመጀመሪያው ንፍፊት ላይ ያርፋል። ቀዶ ሐኪሙ ጨረር በሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ያንን ንፍፊት ፈልጎ ያወጣል። ካንሰር ካልተገኘበት ሌሎቹ አይነኩም።

ሁለተኛው የአጥንት ስካን ነው። ቴክኔሽየም አጥንት በሚሠራበት ቦታ ከሚከማች መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ይሰጥና ካንሰሩ ወደ አጥንት መዝለቁ ይታያል። ሦስተኛው የልብን የመርጨት አቅም መለካት ነው፤ አንዳንድ የጡት ካንሰር መድኃኒቶች ልብን ስለሚያዳክሙ ከሕክምናው በፊትና በመካከሉ ይለካል።

የአቅርቦቱ ነገር

«እዚህ አገር የለም ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች እህቴ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኒውክሌር ሕክምና ክፍል አለ። ሆኖም አገልግሎቱ ካሜራ በመትከል ብቻ የሚቆም አይደለም። ቴክኔሽየም ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሚቆይ እንደ ሌላ መድኃኒት ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። የሚገዛው እናቱ ናት፤ ሞሊብዴነም-99። እሷ 66 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ስላላት ጄኔሬተር በሚባል የእርሳስ ዕቃ ውስጥ ሆና በአውሮፕላን ትጓዛለች። በሙያችን ጄኔሬተሩን «ላም» እንለዋለን፤ በየማለዳው ቴክኔሽየሙን «እናልበዋለን»። ላሚቱ ግን በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ትነጥፋለች። ሌላ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ በውጭ ምንዛሪ።

ሞሊብዴነም የሚመረትባቸው የኒውክሌር ማብላያዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንደኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ፔሊንዳባ ይገኛል። የካናዳው ቾክ ሪቨር እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2009 እስከ ነሐሴ 2010 ለጥገና ሲዘጋ፣ በሀብታሞቹ አገሮች ሳይቀር ምርመራዎች ተሰርዘዋል፣ ቀጠሮዎች ተራዝመዋል። የፔት መድኃኒት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሳይክሎትሮን የሚባለው ማምረቻ በቅርብ መኖር አለበት። እንግዲህ አንዲት ሴት እጇ ላይ ያለውን የናሙና ትእዛዝ ትታ ይህንን ሁሉ ልጠብቅ ስትል፣ ጊዜዋን የምትሰጠው ለማን እንደሆነ ማሰብ ይኖርባታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕመምተኛዋ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ የጡት ካንሰር ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። ከእህቴ 60 ቀናት ውስጥ በፍርሃት ብቻ አንድ ወር ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት።

ወደ መርፌው እንመለስ

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። በአገራችን ብዙ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ናሙና ተወስዶ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲያርፉ፣ ቤተሰብ የሚያስታውሰው መጨረሻ ያየውን ነው፤ ብረቱን። ካንሰሩ ግን ከብረቱ በፊት ተሰራጭቶ ነበር። መርፌ በሄደበት መስመር ጥቂት የካንሰር ሴሎች ሊቀሩ እንደሚችሉ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ የሴቶቹን በሕይወት የመቆየት ዕድል ሲቀንስ አልታየም። ጉዳቱ የታየው በመዘግየት ነው።

ናሙናው የሚነግረን ደግሞ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ብቻ አይደለም። የካንሰሩን ዓይነት፣ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እንዳለው፣ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን መብዛቱን ይነግረናል። ታሞክሲፌን የመሰለ ክኒን ይጠቅማት እንደሆነ፣ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋት እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ነው። እኔ የማነሣው ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ይህንን ሁሉ አይናገርም።

አንባቢያን ወይም የአንባቢያን ቤተሰቦች እንዲህ ዓይነት ምርመራ ሲታዘዝላቸው ሐኪማቸውን ሦስት ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው። ይህ ምስል የሚመልሰው ጥያቄ የትኛው ነው? ቢያበራ ቀጥሎ የሚደረገው ምንድን ነው? ባያበራስ? የሦስተኛው መልስ «ያው ናሙና እንወስዳለን» ከሆነ፣ ምስሉን ለመጠበቅ ናሙናውን ማዘግየት አያስፈልግም።

እህቴ በማግስቱ ሄዳ ተወጋች። አካባቢው ስለሚደነዝዝ ከፈራችው በታች እንደሆነባት ነገረችኝ። ውጤቱ ካንሰር ነው። ትንሽ ሳለ ነው የተደረሰበት፣ ሆርሞን ተቀባይ ያለው ዓይነት ነው። ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት አሁን ክኒኗን እየወሰደች ነው፤ ወደ ሥራዋም ተመልሳለች። ለአክስቴም ራሷ ነግራታለች። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እሷው ናት፤ «ያቺን አንድ ወር ጨምረህ ጻፋት» ብላኛለች። ጽፌያታለሁ።